ቅርንፉድ የሌለበት ሽቶ

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! ወንድምዓለም፣ ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ እኮ። ስልክ ቀየርክ እንዴ?… እሺ፣ እሺ። ደህና ናችሁ? እማዬስ?

— ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም።

— ቀስ በል፣ ቀስ በል፣ አንዱም አልገባኝም። ማን ነው ያታለለህ?

— ምን ገዝተህ?… ሽቶ? አንተ? ሽቶ?

— አልሳቅኩም።… እሺ ስቄያለሁ፣ ትንሽ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ! ስንት ዓመት ሙሉ ሱቄ በር ላይ ስትደርስ አፍንጫህን ይዘህ የምታልፍ ሰው፣ «እህትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉህ «ኮስሜቲክስ ነገር ላይ ናት» እያልክ የምታድበሰብስ ሰው፣ ዛሬ ስለ ሽቶ ልታማክረኝ ስትደውል አልስቅ?… አውቃለሁ፣ ቀልድ ላይ አይደለህም። በቃ፣ አቆምኩ። ንገረኝ።

(አንድ ጊዜ ይቅርታ፣ እህቴ፣ ወንድሜ ነው። ሽቶ የነከርኩልሽን ወረቀት እንደያዝሽ ቆዪ። አሁን አትፍረጂ፤ መጀመሪያ አልኮሉ ብን ይበልና ከዚያ አሽቺው።)

— ደንበኛ ናት፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር።… አይ፣ የቆየች ደንበኛዬ ናት፣ ትታገሠኛለች። አንተ ቀጥል።

— የአባዬን?… የአባዬን ሽቶ ነው የገዛኸው? ዋናውን?

— ለእማዬ። ገባኝ። ለሻርፑ።… አውቃለሁ እንጂ፣ ያስለመድኳት እኔ አይደለሁ እንዴ! አባዬን ከቀበርን በኋላ እህል አልቀምስም ስትል፣ ያቺን ግራጫ ሻርፑን አምጥቼ፣ ከጠርሙሱ አንዴ ረጨት አድርጌ ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት ነው ማንኪያ ያነሳችው። ከዚያ ወዲህ ያው ነው፣ ጧት ሻርፑ ሳይመጣ ቁርስ የለም። የሰው ስም ሁሉ እየጠፋት ያ ሽታ ግን አልጠፋትም።

— እና አንተ ጋ ከገባች ሦስት ወሯ ነው፣ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሆነ፣ አዲስ ልግዛላት አልክ። ጥሩ አሰብክ። ታዲያ ምኑ ላይ ነው መታለሉ?

— አስመስለው የሠሩትን ሸጡልኝ ነው የምትለው።… ከየት ገዛኸው?… ከዚያ ከትልቁ መደብር? ሻጮቹ ጓንት አድርገው ከሚያቀርቡበት? እነሱ ይሄን አያደርጉም፣ ወንድምዓለም፣ ለስማቸው ይፈራሉ።… እሺ፣ እሺ፣ አትጩህ፣ ጆሮዬን! ጠርሙሱን አምጣውና አብረን እንየው። ካርቶኑንም አምጣ።… እጠብቃለሁ።

(እ?… አዎ፣ ታላቄ ነው። እናታችን እሱ ጋ ናት፣ መርሳቱ ጠናባት፣ እኔ ደግሞ ሱቅ ስውል ቀን ቀን ማን ይይዛታል። ተይው፣ እሱን ብንጀምር ይመሽብናል። አሁን አሽቺው።… ዋናውን ይመስላል ወይ? እውነቱን ልንገርሽ? የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታደርጊልኝ እኔም አንዳንዴ እሳሳታለሁ። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ቀስ እያለ ነው የሚገለጠው፤ ጧት ሎሚ ሎሚ ያለሽ፣ ቀን አበባ ይሆናል፣ አመሻሽ ላይ እንጨት እንጨት ይልሻል። የኔው ግን ያለውን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ዘርግፎ ይጨርሳል።… መጥፎ ነው አላልኩም! ለአንድ ፈረቃ ያደርስሻል። ዋጋው ደግሞ የዋናውን አንድ አስረኛ አይሞላም። ይሄን ሳልነግርሽ ብሸጥልሽ ነው ማታለል የሚባለው።)

— ሄሎ? መጣህ?… እሺ፣ ክዳኑን ንቀለው። ከበድ ይላል?… መልሰህ ስትገጥመው ጠቅ ብሎ ራሱ ይገባል?… ገባ። እሺ። ገልብጠው፣ ቂጡ ላይ ቁጥር አለ። ወረቀት ነው የተለጠፈው ወይስ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ?… በጥፍርህ ፋቅ አድርገው እስቲ።… አይለቅም። ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው?… ቀስ ብለህ አንብብ።… አንድ ነው።

— አሁን ወደ መስኮቱ ያዘው። ውስጥ ያለችው ቀጭን ቱቦ ትታይሃለች?… ጨርሶ አትታይም? ጥሩ ምልክት ነው። አንዴ ወደ አየር እርጨው። ጭጋግ ነው የሚሆነው ወይስ ይንጠባጠባል?…

— ወንድሜ፣ ማንም አላታለለህም። ዋናው ነው።

— እርግጠኛ ነኝ። አስመስዬ የምሠራው እኔ አይደለሁ እንዴ? የኔ ብጤ የሠራው ቢሆን በሁለተኛው ጥያቄ እይዘው ነበር። ከፍለህ የገዛኸው እውነተኛውን ነው።… ታዲያ ለምን ደስ አይልህም? ማን ነው ውሸት ነው ያለህ?

— እማዬ?

— እማዬ ምን አለች?… «ይሄ ሰውዬ ማነው? አስወጡልኝ» አለች?

— ሻርፑን ከትከሻዋ አውጥታ ወረወረችው።… እሺ።… እሺ። ከዚያስ?… በልታለች ግን?… እንዴት አልበላችም? ከመቼ ጀምሮ?

— ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ ሳትበላ፣ አንተ ዛሬ ነው የምትደውለው? ምን ነካህ!… ውኃስ?… በማንኪያ። ገላዋንስ? አስታማሚዋን ታስነካታለች?… አትነኪኝ ትላለች። ወይ እናቴ።… አይ፣ አልጮህኩብህም። ፈርቼ ነው። ሰውነቷ እኮ ድሮውንም ምን ቀርቷት ነው ሦስት ቀን የምትጾመው።

— ሐኪም አሳየሃት?… ቤት ድረስ መጣ። ምን አለ?… ጥርሷን? ጥርሷ ምን ሆነ?… አላመማትም። ታዲያ ለምን ጥርሷን አየ?

— ምን እያለች?… ድገምልኝ።

— «ቅርንፉድ»።

— «ቅርንፉዱስ? ቅርንፉዱስ የታለ?» እያለች።… አይ፣ አለሁ። እዚሁ ነኝ፣ ትሰማኛለህ?

(እህቴ፣ ያቺን በርጩማ ታቀብዪኛለሽ?… አይ፣ ደህና ነኝ፣ ልቀመጥ ብዬ ነው። ተባረኪ።)

— ሐኪሙ ልክ ነው፣ ጥርሷ ምንም አልሆነም። ቅርንፉድ ስትል ለጥርስ ሕመም የሚነከሰውን ነው ብላችሁ አሰባችሁ፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ ያስባል።… ገዝተህ አፏ ውስጥ አደረግክላት? ተፋችው። ውይ እማዬ።… ሌላስ የተለወጠ ነገር አለ?… ማስነጠሱ? ተዋት? እሱ እንኳ ይሁን፣ አንዱ ተሻላት። ከድሮ ቤታችን ጀምሮ ስንት ዘመን ነው ያስነጠሳት! አባዬ ጧት ሲወጣ በር ላይ ቆማ ሦስቴ፣ አንድም አይጎድልም አንድም አይጨመርም፣ እሱ ከደረጃው ሥር ሆኖ «ይማርሽ! ይማርሽ! ሦስተኛዋንም ጨርሺያት!» ሲል፣ አስታወስክ?… አቧራ ነው ተብሎ ምንጣፉ ሁሉ እስኪጣል ድረስ።… አዎ።… አዎ።

— ስማኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የድሮው ጠርሙስስ? የአባዬ? ሥሩ ላይ አንድ ጣት ያህል ቀርታበት ነበር።

— ምን አደረግከው?

— የት ደፋኸው?

— ሳህን ማጠቢያው ውስጥ።… ሻርፑስ?… አጠብከው።… በማሽን።… ሁለቴ።

— አልተቆጣሁም።… አልተቆጣሁም አልኩህ እኮ! ለምን እንደደፋኸው ንገረኝ።… አዎ፣ ገባኝ፣ ከአዲሱ ጋር አስተያይተህ «ይሄማ ተበላሽቷል፣ እናቴ የተበላሸ ነገር አታሸትም» ብለህ ነው። ለበጎ ነው ያደረግከው፣ አውቃለሁ። ግን አልተበላሸም ነበር። ድሮም እንደዚያ ነው የሚሸተው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

— እማዬ አጠገብህ ናት? ከክፍሉ ውጣ።… በሩን ዝጋ።… አሁን ተቀመጥ። ተቀመጥ ስልህ እንጂ፣ ቆመህ የምትሰማው አይደለም።

— የአባዬ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ዋናው አይደለም። እኔ የሠራሁት ነው።

— አባዬ ከሚሠራበት ሆቴል መዘጋት ጀምሮ። አስራ አንድ ዓመት።

— ዋሽቼ አይደለም!… ቆይ፣ ልጨርስልህ። ለምኖኝ ነው፣ አባዬ ራሱ ለምኖኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼለት ነው። አንተን ጨምሮ። በተለይ አንተን።

— ትሰማኛለህ?… እሺ፣ ስማ። ያቺን የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ሆቴሉ ነበር የሰጠው፣ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የተቀበለበት ሃያኛ ዓመት ሲሞላ። ከዚያ በኋላ ከጉርሻው እያጠራቀመ ራሱ ይገዛ ነበር፣ በዓመት አንዴ። ሆቴሉ ሲዘጋስ? መጋዘን በር ላይ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ታርጋ የሚመዘግብ ሆነ። እማዬን ምን አላት መሰለህ፣ «ያው እንግዳ መቀበል ነው፣ እነዚህኞቹ ጎማ አላቸው እንጂ» አላት። ሳቀች። ማታ ግን ዩኒፎርሙን ሲያጣጥፍ አየሁት። ለማንም የማይመለስ ዩኒፎርም እንደዚያ ተስተካክሎ ሲታጠፍ… ተወው።

— እኔ ያኔ አዲስ ነበርኩ፣ ሽቶ ቅመማ ያስተማሩኝ አሮጊት ሱቅ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ብጤ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከኮቱ ውስጥ አወጣና፣ «አፍንጮ፣ ይሄን የሚመስል ትሠሪልኛለሽ?» አለኝ። ባዶ ነው። ምን ሆነህ ነው አባዬ ስለው፣ «እናትሽ ሽታዬ የተለወጠ ቀን ኑሯችን መውረዱን ታውቃለች። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ፣ ይሄ አይጉደልብኝ» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል። ምን ልበለው? አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር?

— ሠራሁለት። ጠብታ ስቆጥር ደግሞ አንዷ ደንበኛ ዋጋ ጠየቀችኝና ቁጥሩ ጠፋኝ። የቅርንፉድ ዘይት ሦስት ጠብታ የሚበቃው ስድስት ገባበት፣ ምናልባትም ሰባት። ዋናው ውስጥ እኮ ቅርንፉድ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ የእንጨቱን ሽታ ላወፍርበት ብዬ ነው ያስገባሁት፣ የጀማሪ ብልሃት። ልደፋው ስል እጄን ያዘኝ። አሸተተውና፣ «ተይው፣ ጥሩ ነው፣ ይሞቃል» አለ። በሚቀጥለው አስተካክዬ፣ ቁርጥ ዋናውን አስመስዬ ብሠራለት ደግሞ መልሶ አመጣው! «ይሄ ሌላ ሰው ነው፣ የኔን ስጪኝ፣ እናትሽ ትነቃብናለች» ብሎ። በዚያው ቀረ። ስህተቴ የአባዬ ሽታ ሆነ።

— አዎ። እማዬ ቅርንፉዱስ የታለ የምትለው እሱን ነው።… አዎ፣ ያንተ ዋናው ለእሷ የማታውቀው ሰው ነው። የማታውቀው ወንድ ትከሻዋ ላይ እጁን እንዳደረገባት ነው የሆነባት። ምን ታድርግ፣ አስወጡልኝ ትላለች።

(አይ፣ ምንም አይደለም፣ እህቴ። አላለቀስኩም፣ አልኮሉ ነው።… ቁጭ በይ፣ አትሂጂብኝ፣ እባክሽ።)

— ምን አልክ?… የቱን?

— አንተ ያመጣህለትን።… ያንን ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሥራ ጉዞ ስትመለስ።… ወንድምዓለም፣ እሱን ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

— አልተቀባውም። ሳይከፍተው እዚህ አመጣልኝና ሸጥኩለት። የእማዬ መነጽር ተሰብሮ ያን ሰሞን በፕላስተር አጣብቃ ነበር የምትሄደው፣ አዲሱ በሽያጩ ተገዛ።… አልናቀህም! እንዴት ይንቅሃል! ካርቶኑን እኮ አስቀምጦት ነበር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንተ ስትመጣ እንድታየው። ልጄ ያመጣልኝ እያለ ለሠፈሩ ሁሉ ነው የተናገረው።… አዎ፣ ስትስመው አፍንጫህ ኮቱ ላይ አርፎ «አየህ፣ ዋናው እንዲህ ነው፣ የእህቴ የውሸት ሽቶ እንዲህ ይቆያል?» ያልከው ያኔ ነው። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። አባዬ አየኝና ዓይኑን ጠቀሰኝ።

— አታልቅስ።… አንተ፣ አታልቅስ እንጂ። ታላቅ አይደለህ እንዴ፣ አንተ እንዲህ ከሆንክ እኔ ምን ልሁን።… ይቅርታው ይቅር። በቃ ይቅር አልኩህ። አሁን እማዬ ናት እንጂ ያኔ የተባለው ምን ያደርግልናል።

— አዲስ እንድሠራ? መሥራቱ ሩብ ሰዓት ነው፣ ቀመሩ ከጭንቅላቴ አይወጣም። ግን ዛሬ ተሠርቶ ለዛሬ አይሆንም። ዘይቱና አልኮሉ ጨለማ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ማረፍ አለባቸው፤ ትኩሱን ብወስድላት የክሊኒክ ሽታ ነው የሚሆንባት፣ እሱንም ትወረውረዋለች። ሦስት ሳምንት ደግሞ… እማዬ ሦስት ሳምንት የላትም፣ እንዲህ ከቀጠለች።

— ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።

— አለ። አንድ አለ።

— እዚሁ፣ ከባንኮኒው ሥር፣ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። የመጨረሻው ነው። ቀምሜ፣ አሳርፌ፣ ሞልቼ «አባዬ» ብዬ ጽፌበት ነበር። ሐሙስ መጥቼ እወስዳለሁ አለኝ። ማክሰኞ ሞተ።

— አልከፈትኩትም። አስራ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ቆርቆሮውን እያነሳሁ ሥሩን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።… አምጪው ትላለህ፣ ለአፍ ይቀላል! አንተ የእጅ ሰዓቱ ደረሰህ፣ እማዬ ሻርፑና ጠርሙሱ ደረሳት፣ እኔ የቀረኝ ይሄ ነው። አንዴ ከተከፈተ እኮ ያልቃል።… ስስት ነው? እሺ፣ ስስት ይሁን። ከሰው ሁሉ ነጥቄ የያዝኩት እንዳይመስልህ ግን።

— እሱ ብቻ አይደለም። ፈርቻለሁ። ሻርፑን መጀመሪያ ስሰጣት የሆነውን አንተ አላየህም። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ እንደገባ ነቃች፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አቅርቢ አለችኝ። በሩን እያየች ነው የበላችው። ስንት ሳምንት ፈጅቶባት ነው ዝም ብላ መልበስ የለመደችው። አሁን ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ያውም ያልተከፈተው፣ ያልሳሳው ሽታ ሲመጣባት… ሰውየውስ የታለ ብትለኝ ምን ልበላት? እኔ ሽታውን ነው ማስመሰል የምችለው፣ ወንድሜ። ሽታው መጥቶ እሱ ሳይመጣ ሲቀር እንደገና ሞተባት ማለት አይደለም?

— አውቃለሁ።… አውቃለሁ፣ ካልበላች ደግሞ…

— ማን ነው የሚጣራው?… እሷ ናት? ምን ትላለች?… ማን ጋ ነው የምታወራው አለችህ? ግባና ስጣት እስቲ። ጆሮዋ ላይ ያዝላት፣ ራሷ እንዳትይዘው ትጥለዋለች።

— እማዬ?… ሄሎ፣ እማዬ። እኔ ነኝ።… አፍንጮ ነኝ። ልጅሽ።… አዎ፣ ሱቅ ነኝ።… በልቻለሁ። አንቺስ?… ለምን?… የቱ ሰውዬ?… አይ፣ እሱ ሄዷል። አስወጥተነዋል። ከእንግዲህ አይመጣም፣ አትፍሪ።

— ቅርንፉዱ፣ አዎ።… አዎ፣ እኔ ነኝ ያበዛሁት፣ የኔ ጥፋት ነው። ግን አንቺ እንዴት…

— ከመጀመሪያው ቀን?

— እሱ ነበር እንዴ የሚያስነጥስሽ?… እማዬ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ ነው ስትዪን? ምንጣፉን ሁሉ አስጥለሽ?… እህ።… እህ። ዋናው አንድ ቀንም አላስነጠሰሽም፣ አዲሱ ጠርሙስ የመጣ ቀን በር ላይ ሦስቴ አስነጠሰሽ፣ አወቅሽ።… ዩኒፎርሙን ሲያጣጥፍም አይተሽ ነበር።

— ለአባዬ? አልነገርኩትም።… አይ፣ አልነግረውም። እስከ ዛሬ እንደማታውቂ ነው የሚያውቀው።… አዎ፣ ይከፋዋል። እንዲከፋው አላደርግም።… እሺ እማዬ፣ በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር።

— ቅርንፉዱን ልቀንሰው?… እሺ፣ እሺ፣ አልነካውም። እንዳለ ይሁን።

— እ?… ዛሬ?

— አባዬ አይመጣም፣ እማዬ።… አይ፣ ዛሬ ብቻ አይደለም።… አዎ። አዎ፣ እናቴ።… እኔ ነኝ የምመጣው። የሱን ይዤልሽ እመጣለሁ። እኔ ስመጣ ትበያለሽ?… አንድ ሳህን ይበቃል?… እሺ። አንድ ሳህን። እኔው እመግብሻለሁ። ስልኩን ለልጅሽ ስጪው።

— ሄሎ።… አዎ፣ እንደማይመጣ ነገርኳት። ጠየቀችኝ፣ መዋሸት አቃተኝ።… ሰምታኝ «አንቺ ቶሎ ነይ» አለችኝ።… ሌላው ምስጢር ነው፣ አልነግርህም፣ ቃል አስገብታኛለች። እኔ እንግዲህ የዚህ ቤተሰብ ምስጢር ማስቀመጫ ሆኜ ቀረሁ።

— ሻርፑን አውጣልኝ፣ የታጠበውንም ቢሆን። ሾርባ አሙቁ፣ ቀጠን ይበል፣ ሦስት ቀን ባዶ የነበረ ሆድ ነው። አዲሱን ደግሞ ማታ እቀምምና አሳርፈዋለሁ፤ ይሄኛው እስከዚያ ያደርሳታል።… ዋናውን? አትድፋው! አንተ ደግሞ እጅህ ላይ የገባ ፈሳሽ ሁሉ ይደፋል? ራስህ ተቀባው። ውድ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ያምርብሃል። እሷ ክፍል ስትገባ ብቻ እንዳትቀባ።

— ቆይ፣ አትዝጋው። ከመምጣቴ በፊት ልየው፣ አስራ አራት ወር ተቀምጧል፣ ምናልባት እውነትም ተበላሽቶ ቢሆንስ።… እየከፈትኩት ነው።

(እህቴ፣ እባክሽ ወረቀት አቀብዪኝ። አይ፣ እኔ አላሸተውም፣ አሁን እኔ ዳኛ አልሆንም። አንቺ አሽቺልኝ። ቀረብ አድርጊው።… እንዴት ነው? ኮምጥጧል?… ምን ሆንሽ?… ውይ!… ይማርሽ።… ይማርሽ፣ እህቴ።… ሦስተኛዋንም ጨርሺያት።)

— ሰማህ?… እሷ ናት፣ ደንበኛዬ ናት ያስነጠሳት።… አልተበላሸም፣ ወንድምዓለም። ደህና ነው። መጣሁ።